አየር ያጣው ጥርስ

ሙሉቀን ከመተማ ዮሐንስ ሲደውል ስልኩን ያነሳሁት እየሳቅሁ ነበር። ባጃጅ የሚነዳ፣ ወሬ የማያልቅበት ሰው ስለሆነ ስሙን ሳይ ገና አስቀድሜ እስቃለሁ። ያን ቀን ግን ሰላምታው አጭር ነበር።

«ትርንጎ፣ ኡስታ ኢድሪስ አረፉ። ትናንት ከቀትር በኋላ ቀበርናቸው።»

ያለሁበት ቁጭ አልሁ። የምሠራው ጎንደር፣ ሰው ሠራሽ ጥርስ የሚሠራበት ቤት ውስጥ ነው፤ ከፊቴ ምድጃው እየነደደ ነበር። ምን አገኛቸው ብዬ ልጠይቅ ስል ሙሉቀን ቀደመኝ።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ሊያጥቧቸው ልብሳቸውን ሲያወልቁላቸው ከደረት ኪሳቸው በጨርቅ የተቋጠረ ነገር ተገኘ። ጥርስ ነው። አራት የተያያዘ ጥርስ፣ ከመካከሉ ለሁለት የተሰበረ። ላዩ ነጭ ነው፤ ስብራቱ ላይ ግን ውስጡ እንደ አመድ ጠቁሯል። ሽማግሌዎቹ ፈሩት። መተት ነው የሚሉም አሉ። የሚነካው ሲጠፋ እኔ ወሰድሁት፤ እኔም ብሆን ባጃጄ ውስጥ ይዤው መዞር አልወደድሁም። አንቺ አብረሻቸው ሠርተሻል። ምንድን ነው? ልጣለው?»

ምን እንደሆነ አውቅ ነበር። ማወቄን መናገር ግን አቃተኝ። «ቆይ፣ መልሼ ልደውልልህ» ብዬ ዘጋሁበት። የዘጋሁበት ከሐዘን ብቻ አልነበረም።

ኡስታ ኢድሪስን የመተማ ሰው የሚያውቃቸው በፍርሃታቸው ነው። «ኡስታ» ሱዳኖች የእጅ ባለሙያን የሚያከብሩበት መጠሪያ ነው፤ የእኛ ሰዎች ግን «ኡስታ ፈሪው» ይሏቸው ነበር፣ ከኋላቸው፣ አንዳንዴም ፊት ለፊት። ጎንደር ተወልደው፣ በልጅነታቸው ካርቱም ገብተው፣ ዕድሜያቸውን ሰው ሠራሽ ጥርስ ሲሠሩ የኖሩ ሰው ናቸው። እዚያ ጦርነቱ ሲነሳ በገላባት በኩል ተሻግረው መጡ። ሌላው ፍራሽና ድስት ተሸክሞ ሲሻገር እሳቸው በአህያ ጋሪ የጫኑት አንድ የኤሌክትሪክ ምድጃና አንዲት የመቅረጫ ማሽን ነበር። ስለ ቤታቸው የጠየቃቸው ሰው ሁሉ መልስ የሚያገኘው ስለ ምድጃው ነው።

የማይፈሩት ነገር አልነበረም። የጭነት መኪና ጎማ ሲፈነዳ የያዙት ብርጭቆ ከእጃቸው ይወድቃል። ወንበራቸው ሁልጊዜ በሩን የሚያይ ነው። ጫማቸውን ለጸሎት ካልሆነ አያወልቁም፤ ሲተኙም አያወልቁም ይባል ነበር። ከመተማ ዮሐንስ አንድ እርምጃ ወጥተው አያውቁም። ወደ ሸሕዲ የሚወስደውን መንገድ ሲያዩት እንኳ እባብ የተጋደመበት ይመስል ፊታቸውን ያዞራሉ። ጠመንጃ ያልያዘ ወንድ ግማሽ ሰው በሚባልበት አገር አንድ ሽማግሌ በአደባባይ «እኔ እፈራለሁ» ሲል ገበያው ሁሉ ይስቅ ነበር።

«ኡስታ፣ ምን ያስፈራዎታል? እኛ እያለን!» ይላቸዋል ሙሉቀን።

«አንተ ስላለህ ነው እኮ የምፈራው» ይሉታል። «ባጃጅህን አይቻታለሁ።»

እኔ ያኔ ከባሌ ተፋትቼ ከሸሕዲ የመጣሁ፣ የጥርስ ክሊኒኩን ወለል የምጠርግ ሴት ነበርሁ። ኡስታ የሚሠሩት ከክሊኒኩ ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል ነው። ጥርሱን ለሰው የምትገጥመው ሐኪም በወር ሁለት ሳምንት ከጎንደር ትመጣለች፤ የሚሠሩት እሳቸው ናቸው። አንድ ቀን ክፍላቸውን ስጠርግ መሬት የወደቀች የስንዴ ፍሬ የምታህል ነጭ ስባሪ አንስቼ ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጥሁላቸው። ስባሪዋን አዩ፣ እኔን አዩ፣ «ዓይንሽ ጥሩ ነው፣ ያ ቢቲ» አሉ። ልጄ ሆይ ማለታቸው ነው። በሳምንቱ መጥረጊያውን አስጥለው ረዳታቸው አደረጉኝ።

ጥርሱ የሚሠራው ዚርኮኒያ ከሚባል ነገር ነው። ሲመጣ ጠመኔ ነው፣ በጥፍር ይፋቃል። የማሽኗ አንዱ ክንድ በሰውየው አፍ ልክ ቀድሞ የተሠራውን የፕላስቲክ ቅርጽ ሲዳብስ ሌላው ክንድ ያንኑ አስመስሎ ጠመኔውን ይቀርጻል፣ ግን አተልቆ፤ ምክንያቱም እሳት ሲገባ ይኮማተራል። ከዚያ ክዳን ያላት ትንሽ ሰሃን ውስጥ ተቀምጦ ምድጃ ይገባል። ከአንድ ሺህ አራት መቶ ዲግሪ በላይ በሆነ እሳት ሲበስል ይውላል። ሲወጣ ብረት ያስንቃል።

ሰሃኗ በጠርዟ ላይ አንዲት ቀዳዳ አለቻት፤ ምድጃውም ከላዩ ሌላ ቀዳዳ አለው። ኡስታ ሁለቱንም «አፍንጫ» ይሏቸዋል። ምድጃውን ከመለኮሳቸው በፊት ጣታቸውን ምራቅ አስነክተው ቀዳዳው ላይ ይይዛሉ፣ አየር መኖሩን ለማወቅ። ቀጥለው የራሳቸውን አፍንጫ ይነካሉ። መጀመሪያ ሳይ ሳቄን መቆጣጠር አቅቶኝ ነበር።

«ሳቂ፣ ሳቂ» አሉኝ። «አፍንጫውን ግን እንዳትነኪ። እሳቱን ሁሉም ያየዋል። እሳቱ ምን እንደሚተነፍስ የሚያይ የለም።»

ሌላም ልማድ ነበራቸው። ከእያንዳንዱ ሥራ ጋር ከዚያው ጠመኔ የተቆረጡ ጣት የማይሞሉ ሁለት ቁራጮችን ምድጃ ያስገባሉ። ስማቸው «ምስክር» ነው። ከእሳት ሲወጡ አንዱን ሳጥን ውስጥ ያኖሩታል፣ ሌላውን በብረት ላይ አድርገው በትንሽ መዶሻ ይመቱታል። በቀላሉ ከተሰበረ ጥርሱ የቱንም ያህል ቢያምር ቅርጫት ይገባል። ካልተሰበረ ጥርሱን ራሱን በመርፌ ጀርባ መታ ያደርጉና ጆሮአቸውን ደፋ አድርገው ያዳምጣሉ። ደህናው ይጮኻል፤ የተሰነጠቀው ድምፁ ይታፈናል።

«ለምን ይህን ያህል ይጨነቃሉ?» አልኋቸው አንዴ። ደንበኛው በር ላይ ቆሞ ሲቆጣ እሳቸው ለሦስተኛ ጊዜ ያዳምጡ ነበር።

ካርቱም የሆነ ነገር ነገሩኝ። የሠሩት ጥርስ አንድ አዛውንት አፍ ውስጥ፣ ቂጣ ሲበሉ ተሰበረ። ስባሪው ወደ ጉሮሮ ሳይሆን ወደ አየር ቧንቧ ገባ። «እኔ የደረስሁት ልጆቻቸው ጀርባቸውን ሲደበድቡ ነው» አሉ።

«ዳኑ?»

«ምድጃውን እይው፣ ስንት ደርሷል?» አሉኝ። ከዚያ በኋላ ደግሜ አልጠየቅሁም።

አሁን ወደ እኔ ነገር ልምጣ። ሳልፈራ መጻፍ ብችል ደስ ይለኝ ነበር።

ጥቅምት ነበር። ዝናቡ አቁሞ የሰሊጥ አጨዳ የደራበት፣ የጭነት መኪናው አቧራ ከጠዋት እስከ ማታ የማይወርድበት ጊዜ ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት የበሰለ አንድ ጥርስ ላይ ቡናማ ነጠብጣብ ወጥቶበት ኡስታ ጥለውታል፤ አቧራ ገብቶበት ነው አሉ። የአጋጣሚ ነገር ሆኖ ያኔ ወባ ጣላቸው። ምድጃው ውስጥ የሚገባው ደግሞ የአቶ ፈንታሁን ሥራ ነበር። አቶ ፈንታሁን ሽንፋ አካባቢ ሰፊ የሰሊጥ እርሻ ያላቸው ባለሀብት ናቸው። ክሊኒኩ የሚመጡት ከሁለት ጠባቂ ጋር ነው፤ ሲናገሩ መስኮቱ ይርገበገባል። አራት የፊት ጥርስ ነበር የሚሠራላቸው፣ አንድ ላይ የተያያዘ። «እኔ ጥርስ ያልሁት ጎመን ለማላመጥ አይደለም። አጥንት ነው የምግጠው!» ብለው ሄደዋል።

ኡስታ ከአልጋ ላይ ሆነው አዘዙኝ፤ እንዴት እንደምለኩስ አውቃለሁ። ሰሃኗን አዘጋጅቼ ወደ ውጭ ሳይ አቧራው መንገዱን ሸፍኖታል። እንደገና ነጠብጣብ ቢወጣስ? አቶ ፈንታሁን ምን ይሉኛል? ወደ መጥረጊያዬ ብመለስስ? ያኔ እናቴ ትዝ አለችኝ። እኛ አገር ማሽላ ጎታ ሲገባ ክዳኑ ዙሪያውን በእበትና በአመድ ይመረጋል፤ ነቀዝም አቧራም አይገባበትም። ወጣሁ፣ ከጎረቤት በረት እበት አመጣሁ፣ ከአመድ ጋር ለወስሁ። የሰሃኗን ክዳን ዙሪያውን መረግሁት፤ ጠርዟ ላይ ያለችውን ቀዳዳም ደፈንኋት። የምድጃውን አፍንጫ አልነካሁም፤ ያንን እንዳልነካ ተነግሮኛል ብዬ በራሴ ኮራሁ። የሰሃኗም አፍንጫ አፍንጫ መሆኑን እንዴት እንደ ረሳሁት ዛሬም ለራሴ ማስረዳት አልችልም።

ሲበርድ ስከፍተው ነፍሴ ልትወጣ ደረሰች። ጥርሱ ጠቁሯል። የዝናብ ደመና ይመስላል። ሁለቱ ምስክሮችም እንደዚያው።

አቶ ፈንታሁን ከሰዓት በኋላ ይመጣሉ፤ ሐኪሟም በማግስቱ ወደ ጎንደር ትመለሳለች። ምን እንዳደርግ የነገረኝ ሰው የለም፤ ፍርሃት ነው ያዘዘኝ። ጥርሱን ያለ ክዳን፣ ያለ ሰሃን፣ መልሼ ምድጃ አስገባሁትና ለአጭር ጊዜ አጋልሁት። ሲወጣ ነጭ ነበር። ወተት የመሰለ ነጭ! ተንበርክኬ ማርያምን አመሰገንሁ። የጠቆሩትን ምስክሮች መቀነቴ ውስጥ ደበቅሁ፤ ከሳጥኑ ደግሞ ቀደም ካሉ ሥራዎች የተረፉ ሁለት ደህና ምስክሮች አውጥቼ በቦታቸው አስቀመጥሁ።

ኡስታ እየተንገዳገዱ መጡ። ምስክሩን መቱት፣ አልተሰበረም። ጥርሱን አንስተው በመርፌው መታ አደረጉና አዳመጡ። እንደገና መታ አደረጉ። ግንባራቸውን ቋጠሩ።

«የወባው ኪኒን ጆሮዬ ውስጥ ይጮኻል» አሉ። «አልሰማም። አንቺ ስሚው እስቲ።»

መታ አደረግሁት። ድምፁ ደህና ይሁን የታፈነ አላወቅሁም፤ እኔም የምሰማው የልቤን ምት ብቻ ነበር።

«ደህና ነው?»

«ደህና ነው፣ ኡስታ።»

«ኸላስ» አሉ፣ በቃ እንደማለት። እኔ ደህና ነው ካልሁ ደህና ነው። ሐኪሟ ለአቶ ፈንታሁን ለሙከራ በጊዜያዊ ማጣበቂያ ገጠመችላቸው፤ አጨዳው ሲያልቅ በቋሚው ሊገጠምላቸው ተቀጠሩ። አቶ ፈንታሁን በመስታወት ራሳቸውን አይተው እንደ ሙሽራ ሳቁና ሄዱ።

ከዚያ በኋላ ስምንት ቀን ምግብ አልወርድ አለኝ። ዳቦ ስነክስ የሚሰማኝ የሚሰበር ጥርስ ነው። ክሊኒኩ በር ላይ መኪና በቆመ ቁጥር የአቶ ፈንታሁን ጠባቂዎች ሬሳቸውን ይዘው የመጡ ይመስለኛል። ኡስታ ስለ ካርቱሙ አዛውንት የነገሩኝ በጆሮዬ ይመላለስ ነበር። በስምንተኛው ቀን የጠቆሩትን ምስክሮች አውጥቼ ፊታቸው አስቀመጥሁና ሁሉን ነገርኋቸው።

ይጮኹብኛል ብዬ ነበር። አልጮኹም። ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ።

«ሁለተኛው እሳት ስንት ደቂቃ ቆየ?»

«ግማሽ ሰዓት እንኳ አይሞላም።»

አንዱን ምስክር አነሱ። «ስሚ፣ ያ ቢቲ። ይህ ነገር ግማሹ አየር ነው። አፈርና አየር ተጋብተው ነው የተሠራው። እበቱ ሲነድ በሰሃኗ ውስጥ የነበረውን አየር በላው። አየር ሲያልቅ ከጥርሱ መብላት ጀመረ። ጥርሱ ጎደለ፤ ለዚያ ነው የጠቆረው። ጎድሎም ይቆማል። አንቺ ደግሞ አየር መለስሽለት። መልካም፤ ግን የሚጠጣው ከቆዳው ጀምሮ ነው፣ ሸወይ ሸወይ፣ በዝግታ። ላዩ ሲጠግብ ውስጡ ገና እንደተጠማ ነው። ላይና ውስጡ ተጣሉ ማለት ነው። ስንጥቅ የሚወለደው እዚያ ነው።»

«ይሰበራል?»

«አላውቅም። ላይሰበርም ይችላል። የሚያስፈራኝ አለማወቄ ነው።»

አቶ ፈንታሁን ጋ ደወሉ፤ ሽንፋ ኔትወርክ የለም። ደጋግመው ደወሉ። በሁለት ቀን ውስጥ አዲስ አራት ጥርስ ቀርጸው አበሰሉ፤ ምስክሩንም ሰበሩ፣ ማለቴ ሊሰብሩ ሞክረው አልተሰበረላቸውም። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ጥርሱን፣ ማጣበቂያውንና ማውለቂያውን በከረጢት ይዘው በሩ ላይ ቆሙ።

«ሐኪሟ እስክትመጣ አይጠብቁም?» አልሁ።

«እሳቸው እስከዚያ ሳይበሉ ይጠብቃሉ?»

«እንግዲያው እኔ ልሂድ። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

«ጥርስ ማውለቅ ትችያለሽ?»

አልችልም። ያን ሰሞን መንገዱ ላይ ታጣቂዎች መኪና እያስቆሙ ሰው ይወስዱ ነበር። ሚኒባስ ውስጥ ሲገቡ አየኋቸው፤ የበሩን እጀታ ሁለት ጊዜ ስተውታል። ሙሉቀን ከባጃጁ ሆኖ «ኡስታ ፈሪው ወዴት ነው?» ብሎ ሊስቅ ጀመረና ፊታቸውን ሲያይ ተወው።

በአሥር ሰዓት እመለሳለሁ ብለዋል። አሥር ሰዓት ሆነ፣ አልመጡም። ክሊኒኩ ደጃፍ ድንጋይ ላይ ተቀመጥሁ። ሙቀቱ ገና አልበረደም፤ እኔን ግን ይበርደኝ ነበር። አሥር ተኩል ላይ ሙሉቀን ባጃጁን እያበረረ መጣ።

«ከሸሕዲ ወዲያ መንገዱ ተዘግቷል። አንድ ሚኒባስ አስቁመው ሰው ወስደዋል አሉ።»

«የትኛውን ሚኒባስ?»

«ከሽንፋ የሚመጣውን።»

ለፈሪ ሰው የተረት መዓት አለ፤ ፈሪ ለእናቱ ይባላል። እናት የሌላቸው ሽማግሌ ለማን ይተርፋሉ? ከመተማ የማይወጣውን ሰው ያወጣሁት እኔ ነኝ። ያን ጊዜ የተሳልሁትን ስለት ዛሬም ከፍዬ አልጨረስሁም። ጥርሱ ይሰበር፣ እኔ ልባረር፣ አቶ ፈንታሁንም የፈለጉትን ያድርጉኝ፣ እሳቸው ብቻ ይመለሱ አልሁ። አቶ ፈንታሁን ቢያንቃቸውስ የሚለው ሐሳብ እንኳ ያን ሰዓት አልመጣልኝም። ፍርሃት እንዲህ ነው፣ አንዱ ሲገባ ሌላውን ያስወጣል።

ፀሐይ ልትገባ ስትል ሰሊጥ የጫነ አይሱዙ በሩ ላይ ቆመ። ኡስታ ከጆንያው ላይ በሹፌሩ ረዳት ተደግፈው ወረዱ። አቧራ ለብሰዋል። ሱሪያቸው ርሶ ደርቋል፣ አቧራው ተጣብቆበት ምልክቱ ይታያል። ዓይኔ እዚያ ላይ ሲያርፍ አዩ።

«አዎ» አሉ። «ሸንቻለሁ። ውሃ ስጪኝ።»

ጠጥተው ነገሩን። አቶ ፈንታሁን አውድማ ላይ ነበሩ። ኡስታ «የሠራሁልዎት ጥርስ ልክ አይደለም፣ ይመልሱልኝ» ሲሏቸው መጀመሪያ ተቆጡ፣ ቀጥለው ሳቁ፣ በመጨረሻ አፋቸውን ከፈቱ። ኡስታም አሮጌውን ጥርስ አውልቀው በጨርቅ ቋጠሩት፤ አዲሱን ገጠሙላቸው። ጥፋቱ የማን ነው ብለው ሲጠይቋቸው «የእኔ» ብለዋል። ይህን ሲነግሩን እኔን አላዩኝም። ሲመለሱ ታጣቂዎቹ ሚኒባሱን አስቆሙት። አንዱ የኡስታን ኪስ ፈትሾ የተቋጠረውን ጨርቅ አገኘና ፈታው።

ቀሪውን እሳቸው እንዳሉት ልጻፈው፦ «ይህ ምንድን ነው?» አለኝ። «ጥርስ» አልሁ። «የማን?» «የአንድ ትልቅ ሰው፣ የአቶ ፈንታሁን።» «ከሰውየው አፍ አውልቀህ ወዴት ልትወስደው ነው?» «ቤቴ። በመዶሻ ልሰብረው» አልሁት። ምን ላድርግ፣ ስፈራ መዋሸት አልችልም። ልጁ ጨርቁን እንደ እሳት ፍም ጣለው። «ይህ ደጋሚ ነው! አውርዱት!» ብሎ ጮኸ። ገፍትረው አወረዱኝ፤ ጥርሱን አንስቼ ወደ ጫካው ሮጥሁ።

ሙሉቀን ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፣ እያለቀስሁ። ኡስታ አልሳቁም። «ሁለት ሰው ወስደዋል» አሉ። «አንደኛው አጠገቤ ተቀምጦ ብስኩት ሰጥቶኝ ነበር።» ሰዎቹ ከብዙ ቀን በኋላ በሕይወት መመለሳቸውን እስክንሰማ ድረስ ኡስታ ብስኩት አልቀመሱም።

ሙሉቀን ሲሄድ ወደ ክፍሏ ገባን። ጨርቁን ፈተው አራቱን ጥርስ በብረቱ ላይ አስቀመጡ። ነጭ ነው፣ ያበራል። መዶሻዋን ሰጡኝ።

መታሁት። አልተሰበረም። ጠንከር አድርጌ መታሁት። አልተሰበረም። ደስታዬ ጣሪያ ነካ። «ኡስታ! ደህና ነበር! ደህና ነበር እኮ! በከንቱ ነው የሄዱት!»

«ሰው በቀን ስንት ጊዜ ያኝካል?» አሉኝ።

ጥርሱን በብረቱ ላይ መልሼ አስተካከልሁት።

«ምቺው።»

መታሁት። እንደገና መታሁት፣ እንደገና። መቁጠር ተውሁ፤ ክንዴ ዛለ። ከዚያ ያን ያህል ኃይል ባልነበረው አንድ ምት፣ ቀጭ አለና ከመካከሉ ለሁለት ተከፈለ። ጎንበስ ብዬ አየሁት። ላዩ እንደ ወረቀት የሳሳ ነጭ ነው። ውስጡ አመድ።

ኡስታም ጎንበስ ብለው አዩት። የካርቱሙን አዛውንት ያዩ ይመስለኛል። «ወላሂ» አሉ ቀስ ብለው፣ «የእኔ ፍርሃት ከንቱ ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር።» ስባሪዎቹን ሰብስበው በጨርቁ ቋጠሯቸው። ቅርጫት ውስጥ የጣሉት መስሎኝ ነበር።

በማግስቱ የክፍሏን ቁልፍ ላስረክብ ሄድሁ። ቁልፉን አልተቀበሉኝም፤ መዶሻዋን አምጥተው እጄ ላይ አኖሯት። «ከዛሬ ጀምሮ ምስክሩን የምትሰብሪው አንቺ ነሽ» አሉ።

«ከዚህ ሁሉ በኋላ እንዴት ያምኑኛል?»

«ፈርተሽ ዋሽተሻል። ፈርተሽም ተናግረሻል። አሁን የትኛው ፍርሃት እንደሚበልጥ ታውቂያለሽ።»

ነገሩን ለማንም አልተናገሩም። ለሐኪሟም፣ ለሙሉቀንም። ሙሉቀን እስከ ዛሬ የሚያውቀው ኡስታ ራሳቸው ተሳስተው፣ ራሳቸው ለማረም እንደ ሄዱ ነው። «ኡስታ እኮ አንዴ ጥርስ አበላሽተው በሱሪያቸው ሸኑ» እያለ ገበያውን ሲያስቅ ስንት ጊዜ ሰማሁት። እሳቸው አብረው ይስቁ ነበር። እኔ አጠገባቸው ቆሜ ጥርስ ስሞርድ አንድ ቀን እንኳ አፌን አልከፈትሁም። በዚህ ሁኔታ ሁለት ዓመት አብሬያቸው ሠራሁ፤ ከዚያ ጎንደር ሥራ አግኝቼ መጣሁ። እመለሳለሁ ብዬ አልተመለስሁም። መንገዱን ፈርቼ ነው እል ነበር።

ሙሉቀን ጋ መልሼ ደወልሁ።

«እሺ፣ ምንድን ነው አልሽ? ልጣለው?»

«አትጣለው» አልሁት። «የእኔ ነው።»

«የአንቺ ጥርስ ነው?»

«ያበላሸሁት እኔ ነኝ፣ ሙሉቀን። ያን ጊዜ ያበላሹት እሳቸው አይደሉም። እኔ ነኝ። እሳቸው ለእኔ ብለው ነው የሄዱት፣ ለእኔ ብለው ነው የሸኑት። ለሽማግሌዎቹ እንደዚሁ ንገራቸው። አይ፣ ተወው፣ አትንገር። ራሴ መጥቼ እነግራቸዋለሁ። ነገ ጠዋት እነሳለሁ።»

«መንገዱ እኮ አሁንም አያስተማምንም» አለኝ። «አትፈሪም?»

«እፈራለሁ» አልሁት።